ነገርን ከሥሩ፦ ዩኒፎርሙን ያወለቀ የጭነት መኪናን ማንነት ስለ መለየት

እንደምን ዋላችሁ። መግቢያ ሳላበዛ በቀጥታ ወደ አንድ የቀድሞ የሠራዊት መኪና ልውሰዳችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ግቢ ጥግ የቆመ አሮጌ የጭነት መኪና እንዳይ ተጠራሁ። ጋቢናው ከሌላ መኪና ተነቅሎ የመጣ ነው፤ በሩና ፓራፋንጎው እንደማይተዋወቁ ከሩቅ ያስታውቃል። ሞተሩ ፐርኪንስ የተባለ የናፍጣ ሞተር ነው። ከኋላ ግንድ ማንሻ ክሬን ተበይዶበታል። ቀለሙ ቢጫ ሲሆን፣ በተላጠበት ቦታ ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ደግሞ ሰማያዊ ይታያል። ባለቤቱ አረጋዊ ሰው ናቸው። «ጂኤምሲ ነው» አሉኝ። «አባቴም ጂኤምሲ እያሉ ነው የኖሩት።» ሠራተኞቹም፣ ጎረቤቱም፣ ጎማ የሚያቀርበው ነጋዴም በአንድ ቃል ጂኤምሲ ይሉታል። ስሙን የሚያረጋግጥ ግን አንድም ሰሌዳ፣ አንድም ማኅተም፣ አንድም ወረቀት አልነበረም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን በጀርባዬ ተኝቼ ሻንሲው ሥር አሳለፍኩት። ያገኘሁትን እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን እንዴት እንደፈለግኩ ልንገራችሁ፤ ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነውና።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሠራዊት የተሠሩትን የእነዚህን መኪኖች ብዛት ካላሰብን እንቆቅልሹ ለምን በየቦታው እንደሚገጥመን አይገባንም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጂኤምሲ ሲ-ሲ-ኬ-ደብልዩ የተባለው የአሜሪካ ባለ ሁለት ተኩል ቶን መኪና ብቻውን ከ1941 እስከ 1945 ድረስ ከ500,000 በላይ ተሠርቷል። ስቱድቤከር ዩኤስ 6 ወደ 200,000 ይጠጋል፤ አብዛኛው ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልኮ ካቲዩሻ የተባለውን የሮኬት ማስወንጨፊያ ሳይቀር ተሸክሟል። የካናዳ ፋብሪካዎችም ለእንግሊዝና ለተባባሪዎቿ ሠራዊት ከ400,000 በላይ መኪና አውጥተዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ ይህ ሁሉ ብረት ባለቤት ፈለገ። መንገዱ ፈርሷል፣ አዲስ መኪና እንደ ልብ አይገኝም፣ ከሠራዊት የተረፈው ደግሞ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ጥይት ያመላለሰው መኪና ግንድ ጎተተ፣ ውኃ ቀዳ፣ እሳት አጠፋ፣ ሰው ጫነ። በፊሊፒንስ ከሠራዊቱ የቀሩት ጂፖች ተረዝመውና አሸብርቀው ጂፕኒ የተባለ የሕዝብ ማመላለሻ ሆኑ። ከዚያ በኋላም በየአሥር ዓመቱ አንዱ ሠራዊት መኪናውን በቀየረ ቁጥር ሌላ መንጋ ወደ ሲቪል ኑሮ ይገባል።

እንግዲህ መኪናውን የገዛው ሰው ምን አደረገ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዘዴው ሁሉ መሠረት ይኸው ነው። መኪና የሚለውጥ ሰው ታሪክ ሊያጠፋ አይነሣም። የሚያስቸግረውን ብቻ ይለውጣል። ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ኪሱን ያራቁተዋል፤ ያወጣውና ናፍጣ ያስገባል። ሸራ ጣራ ያለው ጋቢና ብርድና ዝናብ ያስገባል፤ ከሌላ መኪና ብረት ጋቢና አምጥቶ ይጭናል። አረንጓዴው ቀለም አይስማማውም፤ በላዩ ላይ ይቀባበታል። የዲፈረንሻሉ ቤት፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ጥርስ ያለበት የአክስሉ መካከል፣ ግን አያስቸግረውም። ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ብረት አያስቸግረውም። ሻንሲው ጎን ላይ ያለው ባዶ ቀዳዳ ከናካቴው ትዝ አይለውም። የመኪናውን ማንነት የምንፈልገውም እዚያው ነው፤ ማንም ሊነካው ምክንያት ባልነበረው ቦታ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እኔ ምርመራዬን ከታች ወደ ላይ አደርጋለሁ። ቀለምና ዓርማ የመጨረሻዎቹ ምስክሮቼ ናቸው። ሞተርም ከእነሱ ብዙም አይሻልም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ በሞተር ላይ ባለ ስም ተማምኖ የተሳሳተ ሰው ደግሞ ብዙ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ መኪናው በእርግጥ የሠራዊት ነበር? ፊቱ ሻካራና ጎማው ትልቅ የሆነ ሁሉ ወታደር አልነበረም። ዶጅ ኩባንያ በጦርነቱ ጊዜ የሠራውን ባለ ሦስት አራተኛ ቶን መኪና መሠረት አድርጎ ከ1946 ጀምሮ «ፓወር ዋገን» የተባለ የሲቪል መኪና ሸጧል። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንደኛው ግን ጦር ሜዳን አላየም። ስለዚህ ምልክት እንፈልግ።

ቀዳዳ እወዳለሁ። አንድ ፋብሪካ ያለ ምክንያት ብረት አይበሳም። በፊት ፓራፋንጎ ላይ፣ ከዋናው መብራት አጠገብ፣ በብየዳ ወይም በስቱኮ የተደፈኑ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካገኛችሁ፣ በጨለማ ጉዞ የምትበራ የተጋረደች መብራት ተቀምጣባቸው ይሆናል። በጋቢናው ዙሪያ የከባድ መትረየስ ቀለበት የሚሸከሙ እግሮች የታሰሩባቸው ቡሎኖች ቦታ ይቀራል። በሻንሲው የፊትና የኋላ ጫፍ ላይ ወፍራም የማንሻ ቀለበት ወይም የተያዘበት ጆሮ ካለ፣ መኪናው በመርከብ ክሬን ሊነሣ የታሰበ ነው። ከኋላ የሚዞርና መንጋጋው የሚዘጋ የመጎተቻ መንጠቆ፣ ከፊት የዊንች መቀመጫ፣ ከራዲያተሩ ፊት የቁጥቋጦ መከላከያ ፍርግርግ፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲገኙ ጥርጣሬው ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ገመዱም ይናገራል፦ ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩት የአሜሪካ ሠራዊት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ካንዴላቸውና ገመዳቸው ውኃ እንዳይገባው፣ ሬዲዮም እንዳይረብሽ በብረት መረብ ተሸፍኗል። የጦርነቱ ዘመን ጂኤምሲ ግን በ6 ቮልት ነበር የሚነሣው።

ቸርኬውን ስትመለከቱ በጣም ተጠንቀቁ። በጦርነቱ ጊዜ ብዙ መኪኖች በሁለት ክፍል ተሠርቶ ዙሪያውን በቡሎን የተያያዘ ቸርኬ ነበራቸው፤ ጎማው ቢበሳም መኪናው እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። ጎማውን ከመኪናው የሚያወርዱት ዳዶዎች ወደ መካከል የሚገኙት ናቸው። የውጪውን ረድፍ ዳዶ ጎማው ነፋስ እንደያዘ የፈታ ሰው ቸርኬው ለሁለት ተፈንክቶ ሊገድለው ይችላል። ማንነቱን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም፤ ማየት ይበቃል። መፍታት ግድ ከሆነ መጀመሪያ የነፋሱ መግቢያ ላይ ያለችው ፍሬ ወጥታ ጎማው ጨርሶ ባዶ ይሁን። ሌላም አለ፦ በብዙዎቹ የግራ ጎን ጎማዎች ዳዶው የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ይህን ባለማወቅ የተቆረጡ ቡሎኖች ስንት ናቸው።

አሁን ወደ አክስሉ እንውረድ። እዚህ ብዙ ሀብት አለ።

ከመኪናው ሥር ገብታችሁ የዲፈረንሻሉን ቤት ቅርጽ እዩ። አንድ ቁራጭ ሆኖ ከፊት ወይም ከኋላ በክብ ክዳን የሚዘጋ ከሆነ ባንጆ የሚባለው ዓይነት ነው። መካከሉ ላይ ከላይ እስከ ታች በቡሎን በተያያዘ ስፌት ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ደግሞ ስፕሊት ይባላል። ጂኤምሲ ሁለቱንም ዓይነት ተጠቅሟል፤ ስፕሊቱን የሚያቀርብለት ቲምከን የተባለው ኩባንያ ነበር። ችግሩ ቲምከን ለስቱድቤከርም ያቀርብ ነበር። ስለዚህ ባንጆ አክስል ካያችሁ ስቱድቤከር የሚለውን ግምት አስወግዱት። ስፕሊት ካያችሁ ግን ገና ምንም አላወቃችሁም፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ሌሎች አክስሎች ከዚህ ይልቅ በግልጽ ይናገራሉ። በአሜሪካው ኤም 35፣ ከ1950 ገደማ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት በተሠራው ባለ ሁለት ተኩል ቶን መኪና፣ የዲፈረንሻሉ አካል ከላይ ነው የተቀመጠው። ካርዳኑም፣ ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚያመጣው ዘንግ፣ ወደ አክስሉ መካከል አይገባም፤ ከአናቱ ላይ ይገባል። አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። በዩኒሞግ 404 ደግሞ አክስሉ ከጎማው እምብርት ከፍ ብሎ ተቀምጦ በየጎማው ጎን ባለ ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፖርታል የሚሉት ይህንን ነው። መኪናው ከጉልበቱ እጥፍ ብሎ የቆመ ይመስላል። በቼኮዝሎቫኪያ የተሠሩት ትላልቆቹ ታትራዎች ከሁሉም ይለያሉ፤ የምታውቁት ዓይነት ሻንሲ የላቸውም። መካከላቸው ላይ አንድ ወፍራም ቱቦ አለ፤ ግማሽ አክስሎች ከዚህ ቱቦ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ይንቀሳቀሳሉ። ከላይ የፈለገው ጋቢና ቢጫንበት ይህን ቱቦ ማንም አይደብቀውም።

ከአክስሉ ቀጥሎ የምይዘው ሜትር ነው። ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ያለውን ርቀት እለካለሁ፤ የኋላው ሁለት አክስል ከሆነ ደግሞ እስከ ሁለቱ መካከል። በሁለቱም ጎን መለካት ያስፈልጋል፤ ባሌስትራ ሲደክም አክስል ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ከዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ ሁልጊዜም ይጠቅመኛል። የተገኘውን ቁጥር በሚሊሜትርም በኢንችም ጻፉት። ከሁለቱ በአንዱ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ይመጣል፤ ያ ደግሞ መኪናውን የነደፈው መሐንዲስ በምን ይለካ እንደነበር ይነግራችኋል። 3,300 ሚሊሜትር በኢንች ቢለወጥ 129.9 የሚባል የማይመች ቁጥር ነው፤ የሶቪየቱ ጋዝ-66 ልክ ነው። 2,900 ሚሊሜትር የኋለኛው ዩኒሞግ 404 ነው። 4,166 ሚሊሜትር ግን ምንም የማይመስል ቁጥር ሆኖ በኢንች ሲጻፍ ድፍን 164 ይሆናል፤ ረጅሙ ጂኤምሲ ማለት ነው። አጭሩ ጂኤምሲ 145 ነው። ኤም 35 ደግሞ 154። የካናዳዎቹ 101፣ 134፣ 158 እያሉ ይሄዳሉ።

ስቱድቤከርስ? ረጅሙ 162 ነው። በጂኤምሲና በስቱድቤከር መካከል ያለው ልዩነት 2 ኢንች፣ አምስት ሴንቲሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። በመሰንጠቂያው ግቢ ያ መኪና ሥር ተኝቼ ሳለሁ ልቤን ያንጠለጠለው ይህ አምስት ሴንቲሜትር ነበር። አክስሉ ስፕሊት ነው። በግራ ለካሁ፤ 4,120። በቀኝ ለካሁ፤ 4,110። ወጥቼ ባለቤቱን ሜትሩን እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው፤ እንደገና ለካን። ያው ነው። ልዩነቱ ባሌስትራ የደከመበት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሁለቱም ጎኖች ከ4,166 ርቀው 4,115 ዙሪያ ይቆማሉ። 4,115 ሚሊሜትር ማለት 162 ኢንች ነው። በኖራ ጠመኔ ሻንሲው ላይ ጻፍኩት።

ይህ ብቻውን አይበቃም፤ አንድ መለኪያ ፍርድ አይደለም። ሰው ሻንሲ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ስለዚህ የሻንሲውን ጎን በሙሉ በእጄ ዳሰስኩ። ያጠረ ወይም የረዘመ ሻንሲ ጠባሳ አለው፤ ከውጪ በኩል ተለጥፎ የተበየደ ጠፍጣፋ ብረት፣ ወይም ፋብሪካው በሪቬት ባያያዘው ቦታ ላይ የገባ ቡሎን። ስድስት ጎማ የነበረውን መኪና አራት ጎማ ያደረገ ሰውም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይረሳል፦ የኋላውን ሁለት አክስል የተሸከመው ወፍራም መስቀለኛ ዘንግ የተያዘበት ቦታ ላይ የሪቬት ቀዳዳዎቹ በክብ ተሰድረው ይቀራሉ። የፊት አክስሉ ኃይል እንዳይቀበል የተደረገበት መኪናም ብዙ ነው፤ ካርዳኑ ይነቀላል፣ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን ላይ ግን የመውጫው አፍ ተደፍኖ ይታያል። በእኔ መኪና ላይ ሻንሲው ሳይቆረጥ እንደተሠራ ነበር፤ ክሬኑ ከላይ ተበይዷል እንጂ።

ሞተሩ ቢኖር ኖሮ ሥራው በደቂቃ ባለቀ ነበር። የጂኤምሲው ሞተር ስድስት ሲሊንደር ሆኖ 270 ኩቢክ ኢንች፣ ማለትም 4.4 ሊትር ያህል ነው፤ ቫልቮቹ ከላይ ስለሆኑ ቴስታታው ላይ ረጅም የቆርቆሮ ክዳን አለው። የስቱድቤከሩ ሄርኩለስ የሚባል ነው፤ እሱም ስድስት ሲሊንደር፣ 320 ኩቢክ ኢንች። ቫልቮቹ ግን በጎን ናቸው፤ ቴስታታው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሆኖ ካንዴላዎቹ በላዩ ላይ ቀጥ ብለው እንደ ሻማ ይደረደራሉ። ሁለቱን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የካናዳዎቹም ነገር እንዲሁ ነው፤ ፎርድና ሸቭሮሌት አንድ ዓይነት ጋቢና ለብሰው ወጡ፤ መጨረሻ ላይ የተሠራው ጋቢና የፊት መስታወቱ ከታች ወደ ውስጥ ያዘነበለ በመሆኑ ከሩቅ ይታወቃል፤ መሪያቸውም በቀኝ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ግን ፎርዱ ቪ ስምንት፣ ሸቭሮሌቱ ቀጥ ያለ ስድስት ነው። ሞተሩ ካልተቀየረ ማለቴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተቀይሯል።

ወደ ትንሿ ነገር ልምጣ። ይህቺን ዳዶ አሳልፋችሁ ተመልከቱልኝ። ከአንድ የተለወጠ የውኃ ቦቴ የፊት ባሌስትራ ላይ የወጣች ናት፤ ከባሌስትራው ዋና ቡሎን ጋር አብራ ነበር። ባለቤቱ መኪናውን አሜሪካዊ ነው ይል ነበር። 19 ቁልፍ ስላልገባላት መፍቻ ሲያጡ ቆይተዋል። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ፦ የሦስት አራተኛ ኢንች መፍቻ 19.05 ሚሊሜትር ስለሆነ 19 ቁልፍ ሁለቱንም ይፈታል፤ ስለዚህ መፍቻ ገባ ማለት ምስክር አይሆንም። አልገባም ማለት ግን ነገር አለ። ጥርሷን በማበጠሪያ መሳይዋ የጥርስ መለኪያ አየሁት። የሜትሪክም ሆነ የአሜሪካ ጥርስ ግድግዳው 60 ዲግሪ ነው። ይህኛው 55 ዲግሪ ወጣ፤ የእንግሊዞቹ ዊትወርዝ። እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ አንድ ዓይነት ጥርስ ለመጠቀም የተስማሙት በ1948 ነው፤ በጦርነቱም የተቸገሩበት ጉዳይ ነበር። አምስት ዲግሪ በዓይን አይታይም፤ መለኪያዋን አስገብታችሁ ወደ ብርሃን ስታዞሩ ግን በጥርሱና በመለኪያዋ መካከል ክር የምታህል ብርሃን ትገባለች ወይም አትገባም። አንዲት ቡሎን በኋላ የገባች ልትሆን ትችላለች ብዬ ሌሎች አሥር ያህል ፋብሪካ ያስገባቸውን፣ ከሥራቸው ቀለም ያልተሰበረባቸውን ቡሎኖች ፈትሻለሁ። ሁሉም 55 ናቸው። መኪናው አሜሪካዊ አልነበረም።

ስለ ጽሑፍና ቁጥር ባጭሩ። የመረጃ ሰሌዳዎች፣ ማርሾቹንና የፍጥነት ወሰኑን የሚያሳዩት፣ ከዳሽቦርዱ ላይ ቶሎ የሚነቀሉ ናቸው፤ ለመታሰቢያ ተብሎ ይወሰዳሉ፣ ከሌላ መኪና መጥተውም ይለጠፋሉ። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ በፊት በኩል፣ ከባሌስትራው መያዣ አጠገብ ከዘይትና ከአፈር ሥር ይገኛል። በሽቦ ብሩሽ በኃይል አትፈግፍጉት፤ በናፍጣ አርሳችሁ በጨርቅ፣ ከዚያ ጠመኔ ቀብታችሁ በጎን ብርሃን እዩት። ሰሌዳው ከተገኘ የጂኤምሲው ስም ራሱ ይነበባል፦ የመጀመሪያው ሲ የ1941 ንድፍ፣ ሁለተኛው ሲ የተለመደው ዓይነት ጋቢና፣ ኬ የፊት ጎማውም ይነዳል፣ ደብልዩ ከኋላ ሁለት የሚነዱ አክስሎች አሉት ማለት ነው። በኋለኞቹ ዘመናት የኔቶ አገሮች መለዋወጫ ላይ 13 አኃዝ ያለው ቁጥር ይመታል፤ አምስተኛውና ስድስተኛው አኃዝ አገሩን ይናገራሉ፤ 12 ጀርመን፣ 14 ፈረንሳይ፣ 99 እንግሊዝ ነው። ይህ ቁጥር ግን የሚመሰክረው ለዚያች ዕቃ ብቻ ነው፤ ለመኪናው አይደለም።

ቀለም የመጨረሻ ምስክር ነው ብዬ ነበር፤ የመጨረሻ ማለቴ የማይረባ ማለቴ አይደለም። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ እያራሱ፣ ክብ አድርጎ ቀስ እያሉ ሲፈግፉ እያንዳንዱ ዘመን እንደ ግንድ ቀለበት ይወጣል። በደረቁ አትፈግፉ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ አለበት፣ ትቢያውም መርዝ ነው። የምትፈልጉት ኮፈኑ ጎን፣ የኋላ መዝጊያውና ባምፐሩ ላይ ነው። በጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ መኪና ኮፈን ላይ የተጻፈው ቁጥር በ4 ከጀመረ መኪናው ከሁለት ተኩል ቶን እስከ አራት ተኩል ቶን ከሚባለው ክፍል ነው፤ መጨረሻው ላይ የላቲን ኤስ ፊደል ካለ ሬዲዮ እንዳይረብሽ ተዘጋጅቷል። በእንግሊዞቹ ዘንድ ኤል ለጭነት መኪና፣ ዜድ ለቀላሉ ነበር፤ ከ1949 ወዲህ ደግሞ ሁለት አኃዝ፣ ሁለት ፊደል፣ ሁለት አኃዝ ሆነ። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ላይ ሁሉ የምትመታው የቀስት ጫፍ ምልክትም አለች፤ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ናት፤ ስታገኟት ደስ ትላለች።

በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የተሠሩትን በፍጥነት ልለፋቸው፤ ብዙዎቹ ስለማይደበቁ። ጋዝ-66 ጋቢናው ከሞተሩ በላይ የተቀመጠ፣ አጠር ያለ ባለ አራት ጎማ ነው። ዚል-157ን ከቀደመው ዚስ-151 የምለየው በኋላ ጎማው ነው፤ ቀዳሚው ጥንድ ጥንድ ጎማ ሲኖረው፣ ከ1958 ጀምሮ የተሠራው ዚል ነጠላ ትልቅ ጎማ አለው፤ ሹፌሩም ከጋቢናው ሆኖ ጎማ መንፋት ይችላል፤ ሞዞው፣ ማለትም የጎማው እምብርት ላይ የነፋሱን መስመር ፈልጉ። ፕራጋ ቪ 3 ኤስ ከ1953 እስከ 1990 ድረስ የተሠራ ሲሆን በአየር የሚቀዘቅዝ የታትራ ናፍጣ ሞተር አለው፤ ራዲያተር ስትፈልጉ ካጣችሁ አንዱ ግምታችሁ እሱ ይሁን።

አሁን የማምንበትን ልናገር። ብዙዎቻችን የሠራዊት መኪና ስናገኝ የምንቸኩለው ሲቪል የሆነውን ሁሉ ነቅለን ለመጣል ነው። ክሬኑ ይቆረጣል፣ ቢጫው ይፈገፈጋል፣ መኪናው አረንጓዴ ተቀብቶ ነጭ ኮከብ ይለጠፍበታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በሠራዊት ቤት ያሳለፈው አራት ወይም አምስት ዓመት ቢሆን ነው፤ ግንድ ሲጎትት ግን ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ያንን ክሬን የበየደው ሰው መጽሐፍ አልነበረውም፣ መለዋወጫ አልነበረውም፤ ያገኘውን ብረት ከሌላው ጋር አስማምቶ ቤተሰብ የሚያበላ መሣሪያ ሠራ። ብየዳውን በቅርብ ብታዩት እጁ የረጋ ሰው እንደነበረ ታውቃላችሁ። ማደስ የምትፈልጉ አድሱ፤ ግን አንድ ቡሎን ሳትፈቱ በፊት ፎቶ አንሡ፣ ለኩ፣ የቀለሙን ቅደም ተከተል ጻፉ፣ አሮጌ ሹፌሮችን ጠይቁ። ለውጡ ራሱ ማስረጃ ነው። የፐርኪንስ ሞተር መያዣው የተበየደበት ቦታ ነው ስንት ዓመተ ምሕረት ገደማ ቤንዚኑ እንደወጣ ያስገመተኝ፤ ከብየዳው ሥር ቀይ ቀለም አለ፣ ቢጫ ግን የለም። ቀዩ ዘመን ላይ ነው የተቀየረው ማለት ነው፤ ቀዩ ዘመን ደግሞ፣ ባለቤቱ እንዳስታወሱት፣ አባታቸው መኪናውን ከእሳት አደጋ ሠራተኞች የገዙበት ጊዜ ነው።

በዚያ ምሽት የቀረኝ የመጨረሻው ፍተሻ የፊት ባምፐሩ ነበር። ባምፐር ወፍራም ብረት ስለሆነ ማንም አይቀይረውም። ቢጫው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው ተራ በተራ ወጡና ከሥራቸው የደበዘዘ አረንጓዴ ታየ። ከአረንጓዴውም ሥር ሻንሲው ጫፍ ላይ የተመታ ቁጥር ነበር፤ አኃዞቹን ከስቱድቤከር የቁጥር መዝገብ ጋር ሳስተያያቸው ገጠሙ። አክስሉ፣ 162ቱ ኢንች፣ ቁጥሩ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ተስማሙ።

ለባለቤቱ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። «አባቴ ተሳስተው ነበር ማለት ነው» አሉ። አልተሳሳቱም አልኳቸው፤ በዘመናቸው ስድስት ጎማ ያለውን የአሜሪካ መኪና ሁሉ ሰው በዚያ ስም ነበር የሚጠራው። ከዚያ ሻንሲው ላይ በጠመኔ የጻፍኩትን 4,115 ላጠፋ ጨርቅ ሳነሣ እጄን ያዙኝ። ወደ መሥሪያ ክፍላቸው ገብተው የእንጨት ቫርኒሽ ይዘው ተመለሱ፤ ተንበርክከውም ቁጥሩ ላይ በቀጭኑ ቀቡበት።